ከአሜሪካ ያዮ የገባው የራስ ቁር

የእህቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ የገዛ መኪናውን ይዞ ወደ እሽቅድምድም መም ይሄዳል። ሽልማት የለው፣ ተመልካች የለው። እንደሱ ያሉ አማተሮች ገንዘብ ከፍለው፣ እግረኛ በማይሻገርበት ጎዳና ላይ መኪናቸው የቻለችውን ያህል የሚነዱበት ቀን ነው። “እናንተ ለነዳጅ ስትሰለፉ እኛ እዚህ በነፃ ፈቃዳችን እናቃጥለዋለን” ብሎ አንድ ጊዜ ስቆብኛል።

እናላችሁ፣ ይኸው ልጅ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ የራስ ቁር፣ በዛሬ አነጋገራችን ሄልሜት፣ ይዞልኝ መጣ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። “ያዮ ላለው ሞተረኛችን ስጥልኝ፤ እኔ ሌላ ገዝቻለሁ” አለ። ያዮ ያለው ሞተረኛችን የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። በሞተር ሳይክሉ ከከተማዋ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰውም ቡናም ያመላልሳል። ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚያችው ሞተር ነው። የኢሉባቦርን ዝናብና ቀይ ጭቃ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለምን ሌላ ገዛህ ብዬ ብጠይቀው፣ “ጊዜው አለፈበት፣ መሙ ላይ አይቀበሉትም” አለኝ። ብረት አከል ነገር እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፋል እንዴ? ይኼ ጥያቄ ነው መጽሐፍ ያስገለጠኝ።

የሞተረኛ ቁር ታሪክ ብዙ ዘመን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤሪክ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም መም ላይ ራሳቸውን የተመቱ ሰዎችን ማከም ቢሰለቸው፣ ሸራ በሙጫ አድርቆ ቁር አሠራ። በዚያው ዓመት በማን ደሴት የሞተር ውድድር ተወዳዳሪዎች በግድ እንዲያጠልቁት ተደረገ። ነገሩ የጥቂት ዕብዶች ጉዳይ ተደርጎ ታየ። የደሴቱ ሐኪም ግን “በየዓመቱ ደህና ደህና የአንጎል መናወጥ በሽተኞች ይመጡልን ነበር፤ ዘንድሮ ምነው ጠፉ?” የሚል መልእክት ልኮለታል እየተባለ ይተረካል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ የሐኪም ቀልድ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ሃያ ዓመት ተኛ። የቀሰቀሰው የአንድ ዝነኛ ሰው ሞት ነው። የዓረቢያው ሎውረንስ ተብሎ የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በእንግሊዝ ገጠር ሞተሩን ሲጋልብ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል መንገዱን ስቶ ተወረወረ። ራሱ ላይ ምንም አልነበረውም። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬይርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬይርንስ ያንን ሞት አልረሳውም። ጦርነቱ ሲመጣ መልእክት አድራሽ ወታደሮች መብራት በጠፋበት ጎዳና ላይ በሞተር ሲጋጩ ተመለከተ፤ ቆጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ጣሊያን ከአገራችን በተባረረበት ዓመት፣ ጥናቱን አሳተመ። የእንግሊዝ ጦርም ሞተረኞቹ ቁር እንዲያጠልቁ አዘዘ። ለሰላማዊው ሕዝብ ግን ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ኬይርንስ ከሞተ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። እኛ ብቻ የምንዘገይ ለሚመስላቸው ሰዎች ይህችን ጣል ማድረጌ ነው። የእኛው የመንገድ ትራፊክ ደንብ ቁጥር 208 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስከ አርባዎቹ መጨረሻ ድረስ ቁር ማለት ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ በጠፍር የተንጠለጠለ ቆብ ነበር። ጥንካሬው ብቻ የሚያድን ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የሚጎዳን ድንገት መቆማችን ነው። ቅሉ ሲቆም አንጎል ውስጡ ይናጣል፣ እንደ እንቁላል አስኳል። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሎምባርድ ይህን ተረድቶ፣ ከጠንካራው ልባስ ሥር ሲመታ የሚጨፈለቅ ፎም አስገባ፤ የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ተሰጠ። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም የመሰለ ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነገር፣ ራሱ ተጨፍልቆ ለራሳችን መቆሚያ ጊዜ ይገዛል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ታዲያ የሚገዛው። የተጨፈለቀ ፎም ተመልሶ አይነፋም።

ይህም ታውቆ ገበያው የቻለውን ሁሉ ቁር እያለ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ፒት ስኔል የተባለ አማተር የመኪና ተወዳዳሪ፣ ልክ እንደ እህቴ ልጅ ያለ ሰው፣ ውድድር ላይ ሞተ። በዘመኑ ጥሩ የሚባለውን ቁር አጥልቆ ነበር፤ ራሱን አላዳነለትም። ጓደኞቹ በሐኪሙ ጆርጅ ስናይቭሊ መሪነት በማግሥቱ ዓመት በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። ቁሮችን ከከፍታ ብረት ላይ እየጣሉ የትኛው ራስን እንደሚያድን መለየት ጀመሩ። የኔ ሻንጣ ውስጥ የነበረው ነጭ ሄልሜት ከገበሩ ሥር የተለጠፈበት “ስኔል ኤስኤ 2010” የሚል ምልክት የዚያ ሰው ስም ነው። ኤስኤ የመኪና ነው፤ ኤም የሞተር ሳይክል። የመኪናው ገበር እሳት እንዲቋቋም ይፈተናል፣ ከመኪና ውስጥ ብረት ጋር ደጋግሞ እንዲጋጭ ታስቦ ይሠራል፤ የዓይኑ መስኮት ግን ጠበብ ሊል ይችላል። መም ላይ ከጎን ፍየል አይገባም። ያዮ ላይ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ግማሹን ከመንገዱ በፊት፣ ግማሹን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያዮ የደን ቡና አገር ነው፤ ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሞተረኛችን ሄልሜቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ጓደኞቹ ተሰበሰቡ፤ እየተቀባበሉ አጠለቁት። አንድ አዛውንት “የፈረንጅ ቆብ!” አሉ። አልተሳሳቱም። የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ በነበረችበት ዘመን፣ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርደውን ቡና ለመግዛት የመጡ ነጮች የፀሐይ ባርኔጣ ያደርጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥታችንም በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በተነሱት ፎቶግራፍ ላይ እንደዚያ ያለ ባርኔጣ አድርገው ይታያሉ። ከፀሐይ ያድናል፤ ከድንጋይ አያድንም። መልካቸው ግን ይመሳሰላል፣ ችግሩም እሱ ነው።

ማታ የእህቴን ልጅ ደወልኩለትና አደራው መድረሱን ነገርኩት። “ደግ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መኪናው ስትሽከረከር ከጎን ብረቱ ጋር ተማትቶብኛል፣ ግን ምንም አልሆነም፣ ጭረት እንኳ የለውም” አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ገበሩን ገለጥኩት። በግራ በኩል፣ ከጆሮ በላይ፣ ነጩ ፎም የአውራ ጣት ያህል ጎድጉዶ ተሰንጥቋል። ውጪው እንደ መስታወት ያበራል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምንም ከሌለው ይሻለዋል ብዬ ዝም ልበል? ጠዋት ለልጁ ነገርኩት። “ጋሼ፣ ባዶ ራስ ከመሄድ ይህ አይሻልም?” አለኝ። ደህና ጥያቄ ነው። አሮጌ ቢሆንና ያልተመታ ቢሆን ኖሮ አዎ እለው ነበር። የተመታው ግን ዳግመኛ በዚያው ጎን ቢወድቅ ልጁን የሚጠብቀው የውጪው ቅርፊት ብቻ ነው። ያም ፒት ስኔልን አላዳነውም። ደግሞ የሚያስፈራኝ፣ ሄልሜት አለኝ ብሎ ይፈጥናል።

ተያይዘን መቱ ወረድን። ሱቁ ውስጥ ሄልሜት እንደ ድስት ተደርድሯል። የመጀመሪያው ገበሩ ሲገለጥ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ፎም የሚባል የለውም። ይህ ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ነው፣ ለራስ አይደለም። ሁለተኛው ከኋላው “ዶት” የሚል ወረቀት አለው፤ በጥፍሬ ብፍቀው ተላቀቀ። ሦስተኛው ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለው፤ በክብ ውስጥ “ኢ” የሚል የላቲን ፊደልና ቁጥር። የተባበሩት መንግሥታት ደረጃ ምልክት ነው። ይህም ሊቀዳ ይችላል፤ ስለዚህ ፎሙን በጣታችን ነካን፣ ጠጣር ነው። አጠለቀው፤ ጉንጩን ጨበጥ አደረገው። ራሱን ቢያወዛውዝ አብሮ ሄደ። ማሰሪያውን አስሮ ከኋላ ወደ ፊት ብገፋለት አልወለቀም። ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት ይገዛ ነበር። ባለሱቁ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር ብሎት ሁለቱም ሳቁ። ምን አለህ ብለው፣ “አባትህ ናቸው ወይስ ትራፊክ ነው ያለኝ” አለ።

ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ ቁር የሞተረኛን ሞት በ42፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። የታሰረ ቁር ማለት ነው። የእኛ አገር ሞተረኛ ክርኑ ላይ አንጠልጥሎት፣ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ያጠልቃል። ተሳፋሪው ደግሞ የሌላ ሰው ላብ አላጠልቅም ይላል፤ አልፈርድበትም። ለተሳፋሪ የሚሆን ሁለተኛ እንግዛ ብለው፣ “ከገዛሁ የሚያጠልቀው የለም” አለኝ። በዚህ ልረታው አልቻልኩም።

ነጩን ይዤ ተመለስኩ። ከበደሌ ወዲህ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ጭኔ ላይ ያለውን ሄልሜት እያገላበጠ ሲያየው ቆየና፣ “አባባ፣ ይሸጣል?” አለኝ። አይሸጥም አልኩት። “እንዲህ ያለ አዲስ ዕቃ ቤት አስቀምጠው ምን ያደርጉታል?” አለ ቅር ብሎት። ገበሩን ገልጬ አሳየሁት። ጣቱን ጎድጓዳው ውስጥ ከትቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እግሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የራሱን አወጣና፣ ገበሩን በጥንቃቄ ይገልጥ ጀመር።