አሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት፦ ንፋሱ መቼ፣ ጎርፉ መቼ?

ክረምት ሲባል ዝናቡንም ንፋሱንም አንድ ላይ ነው የምናስበው። መቐለ ላይ ግን ወቅታቸው ለየቅል ነው።

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ኩሓ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,250 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ኃይለኛው ንፋስ የበጋው ነው፣ ከምሥራቅ ይመጣል። አካባቢው ምን ያህል ነፋሻ እንደሆነ አሸጎዳ ይመስክር፤ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 120 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ማመንጫ እዚያው ቅርብ ነው።

አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ነው። የአሉላ መንደርደሪያ 11 እና 29 የሚል ቁጥር አለው፤ በኮምፓስ 110 እና 290 ዲግሪ፣ በግምት ምሥራቅና ምዕራብ ማለት ነው። ስለዚህ የምሥራቁ ንፋስ ከፊት ይገጥመዋል፣ ይሄ ደግሞ ለአብራሪው ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ከጎን የሚመታው ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ንፋስ ይረግባል፤ የሚያሰጋው የከሰዓቱ ነጎድጓድ ነው። ከደመናው ቁልቁል የሚወርደው አየር መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የፊት ንፋስ የነበረው በአፍታ የኋላ ይሆናል። አብራሪው አየር ላይ እየዞረ ቢጠብቅ አትናደዱ።

ጎርፉስ? እሱ ከኤርፖርቱ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው የሚያገኛችሁ። ላይኛው አገር ከዘነበ፣ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደረቁ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በረራ እንዳያመልጣችሁ ብላችሁ የሞላ ውኃ በባጃጅ አትሻገሩ፤ ትኬት ይቀየራል።