ሣጥኑም መዝገቡም በአንድ እጅ ሲሆን፦ የባሪንግስ ባንክ አወዳደቅ

ውድ እኅቶቼና የማኅበራችን ደጋፊዎች፣ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ «መዝገብ የሚይዝ ሰው ማግኘት ስላስቸገረ፣ ገንዘብ ያዥዋ መዝገቡንም ደርባ ትያዝ» የሚል ነው። የገንዘብ ያዣችንን ታማኝነት የሚጠራጠር የለም። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ ትልቅ ባንክ እንዴት እንደ ወደቀ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሪንግስ በ1762 በለንደን የተቋቋመ ባንክ ነበር። በ1803 አሜሪካ ሰፊውን የሉዊዚያና ግዛት ከፈረንሳይ ስትገዛ ገንዘቡን ካመቻቹት አንዱ እርሱ ነው። በ1890 በአርጀንቲና ብድር ምክንያት ሊወድቅ ሲል የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ሌሎች ባንኮችን አስተባብሮ አተረፈው። ንግሥት ኤልሣቤጥ እንኳ ደንበኛው ነበሩ። ከ230 ዓመት በላይ ስንት ጦርነትና ቀውስ ያለፈው ይህ ባንክ በ1995 የፈረሰው ሲንጋፖር ውስጥ በነበረ አንድ ወጣት ሠራተኛ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለመረዳት የባንክን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በገንዘብ ገበያ ላይ የሚነግድ ባንክ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ሊኖሩት ይገባል። አንዱ ይገዛል፣ ይሸጣል። ሌላው እያንዳንዱን ውል ይመዘግባል፣ ከገበያው ከሚመጣው ማረጋገጫ ጋር ያመሳክራል፣ ክፍያውን ይፈጽማል። ሁለቱ የሚለያዩት ነጋዴው «አተረፍሁ» ሲል ሌላ ሰው ቆጥሮ «እውነት ነው» ወይም «የለም» እንዲል ነው።

ኒክ ሊሰን በ1992 ወደ ሲንጋፖር ሲላክ የመዝጋቢውን ክፍል ሥራ ከለንደን ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቅርንጫፉ ትንሽ ስለነበር ግብይቱንም ምዝገባውንም እርሱ እንዲመራ ተደረገ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ቁጥሩ 88888 የሆነ ሒሳብ ተከፈተ። 8 በቻይናውያን ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ሒሳቡ በግብይት ላይ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስሕተቶች የሚመዘገቡበት ነው ቢባልም፣ ሊሰን ወደ ለንደን በሚላኩት ሪፖርቶች ላይ እንዳይታይ አደረገና ኪሳራውን እዚያ ይደብቅ ጀመር። አለቆቹ የሚያዩት ትርፉን ብቻ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በ1992 መጨረሻ የተደበቀው ኪሳራ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር፤ ባንኩ ይህን ከፍሎ ማለፍ ይችል ነበር። በ1993 መጨረሻ 23 ሚሊዮን፣ በ1994 መጨረሻ ደግሞ 208 ሚሊዮን ደረሰ። ሊሰን የጎደለውን ለመሙላት ሲል ይበልጥ እየተወራረደ ጉድለቱን አሰፋው።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ሊሰን የሚነግደው በወደፊት ውሎች ነበር፤ ዋጋቸው ዛሬ ተቆርጦ ወደፊት በተወሰነ ቀን የሚፈጸሙ ውሎች ማለት ነው። ገበያው ለእንዲህ ያለ ውል ማስያዣ ይጠይቃል፤ ዋጋው ወደ ኪሳራ ባዘነበለ ቁጥርም ማስያዣው በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ ይሞላል። ኪሳራን ከወረቀት ላይ መሰወር ይቻላል፤ የሚከፈለውን ገንዘብ ግን መሰወር አይቻልም። ስለዚህ ሊሰን ገንዘብ እንዲላክለት ይጠይቃል፣ ለንደን ያለው የባንኩ ክፍል ይልካል። የተላከው ገንዘብ ለየትኛው ደንበኛ እንደ ዋለ በሚገባ ያመሳከረ አልነበረም።

የሊሰን ዋና ሥራ ደግሞ በኦሳካና በሲንጋፖር ገበያዎች መካከል የሚታየውን ጥቂት የዋጋ ልዩነት መልቀም ነበር። ሥጋቱ አነስተኛ የሆነ ሥራ ትርፉም አነስተኛ ነው። «እንግዲያው ይህ ሁሉ ትርፍ ከየት ይመጣል? ይህ ሁሉ ገንዘብስ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ ይገባ ነበር። በ1994 የባንኩ የውስጥ ኦዲተሮች ሲንጋፖር ድረስ ሄደው ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው መያዙ አደገኛ መሆኑን ጽፈው ነበር። ምክራቸው ሥራ ላይ አልዋለም።

በ1995 መጀመሪያ ሊሰን የጃፓን ገበያ ረግቶ ከቆየ የሚያተርፉ፣ ከተናወጠ ግን የሚያከስሩ ብዙ ውሎች ነበሩት። ጃንዋሪ 17 ቀን የጃፓኗ ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከስድስት ቀን በኋላ ኒኬይ የተባለው የጃፓን የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን ከ1,000 ነጥብ በላይ ወረደ። ሊሰን ዋጋው ይመለሳል ብሎ ሌላ ብዙ ውል ገዛ። ዋጋው አልተመለሰም።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን ሊሰን ከሲንጋፖር ሸሸ፤ በሦስተኛው ቀን ባንኩ ወደቀ። ኪሳራው በመጨረሻ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ይህም ከባንኩ ካፒታል የበለጠ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ እንደ 1890ው ሌሎቹን ባንኮች ቢሰበስብም፣ ውሎቹ ገና ስላልተዘጉ የኪሳራው መጨረሻ አይታወቅም ነበርና ዋስ የሚሆን ጠፋ። በማርች ወር አይኤንጂ የተባለው የሆላንድ ድርጅት ባንኩን ከነዕዳው በ1 ፓውንድ ገዛው። ሊሰን ጀርመን ውስጥ ተይዞ ወደ ሲንጋፖር ከተላለፈ በኋላ የስድስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

ጉዳዩ የአንድ ባንክ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ዳይዋ ባንክ ኒውዮርክ በሚገኘው ቅርንጫፉ 1.1 ቢሊዮን ዶላር እንደ ከሰረ ታወቀ። እዚያም ቦንድ የሚነግደውና የቦንዶቹን ጥበቃና መዝገብ የሚቆጣጠረው አንድ ሰው ነበር፤ ኪሳራውን ለ11 ዓመት ያህል ደብቆታል።

እኅቶቼ፣ የእኛ ሣጥን ከእነዚህ ባንኮች ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን በውስጡ ያለው የልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጉልታችን መነሻና የክፉ ቀን መጠባበቂያችን ነው። ቢጎድል የሚተካልን ማዕከላዊ ባንክ የለም። ደጋፊዎቻችንም የሚያግዙን በሒሳባችን ተማምነው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ገንዘቡን ትያዝ፤ መዝገቡን ጽሕፈት የሚችሉ ሁለት አባላት በየተራ ይያዙ፤ በየወሩ ሌላ ሦስተኛ አባል ሣጥኑን፣ የባንክ ደብተሩንና ደረሰኞቹን ከመዝገቡ ጋር ታመሳክር። ገንዘብ ያዥዋ በዓመት አንድ ጊዜ እረፍት ወጥታ ሥራውን ሌላ አባል ትሸፍን። የቁጥጥር ኮሚቴው በጽሑፍ ለሚሰጠው አስተያየትም በጉባኤ ፊት መልስ ይሰጥ፤ የባሪንግስ ኦዲተሮች ምክር የትም እንዳልደረሰ አይተናልና።

ይህ ገንዘብ ያዣችንን መጠርጠር አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው እርሷን ነው። አንድ ቀን 500 ብር ቢጎድል፣ ሣጥኑንም መዝገቡንም ብቻዋን የያዘች ሴት ንጹሕ መሆኗን በምን ታስረዳለች? መዝገቡ በሌላ እጅ ከሆነ ግን ምስክሯ እርሱ ነው። ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልኝ።