የዳሞታ ጅረት

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኩርቤ በ1855 እ.ኤ.አ. የትውልድ ቀዬውን የተራራ ጅረት ሳለ። ሸራው ላይ ድንጋይ፣ ጥላና ውሃ አለ፤ ሰው ግን የለም። የኛስ የዳሞታ ጅረት?

በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ያየው ሌላው ፈረንሳዊ፣ ቫንደርሄይም፣ የመጣው ከዐፄ ምኒልክ ጦር ጋር ነበር። ጅረት አይቶ ሊደነቅ ቀርቶ፣ ያየው እልቂት ነው፦ ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ሌላው ከከብቱ ጋር ተነዳ። ይህን የተረከበት መጽሐፍ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታተመ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጅረት ዳር ቁጭ ብሎ መሳልም ሰላም ይፈልጋል። አንተ ሶዶ ሆነህ ዳሞታን የምትስል ከሆነ፣ ሰው አልባ አታድርገው። እንስራ ያዘለችውን ውሃ ቀጂም ጨምራት፤ ያንን ዘመን ያለፉት የእሷ ቅድመ አያቶች ናቸውና።