የአቶ ንጉሤ ሮባ ሩጫ

አገራችን ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ነው። ከተላኩት ጥቂት ወጣቶች አንዱ የ100 ሜትር ሯጩ አቶ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ሜዳልያ ሳያገኙ ተመለሱ። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ አሠልጣኝ ሆነው የረዥም ርቀት ሯጮችን ለማሠልጠን በቁ።

በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የዘር መድልዎን በመቃወም ከሞንትሪያል ጨዋታ ሲወጡ፣ የምሩጽ ይፍጠር ልፋት ከንቱ የቀረ መስሎ ነበር። አሠልጣኙና ሯጩ ግን አራት ዓመት ታገሡ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ በሞስኮ በ10,000ና በ5,000 ሜትር 2 የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፦ ራሱ ያላገኘውን ሌላው እንዲያገኝ የሚደክም ሰው ተሸነፈ አይባልም። መምህሮቻችንም በየቀኑ የሚደክሙልን በዚሁ መንገድ ነውና ምስጋናችን ይድረሳቸው።