የበረሃው ቀበሮ ነዳጅ አለቀበት

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የጄኔራል ሮሜል ስም ሳይነሳ አይቀርም። አድናቂዎቹ “የበረሃው ቀበሮ” እያሉ ታንኮቹን ሲያወድሱ ያመሻሉ። አልተሳሳቱም፤ ግን ታሪኩን ግማሹ ላይ ያቆሙታል። እስቲ እንጨርሰው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው በጣሊያን ሽንፈት ነው። ከዲሴምበር 1940 እስከ ፌብሩዋሪ 1941 እንግሊዞች በግብጽና በሊቢያ በረሃ 130,000 ያህል የጣሊያን ወታደር ማረኩ። ሂትለር አጋሩን ለማዳን ሮሜልን ላከ። ሮሜል ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941 ትሪፖሊ ገባ። የሚመራው ጦር “አፍሪካ ኮር” ተባለ። የተሰጠው ትእዛዝ መከላከል ነበር፤ እሱ ግን በማርች መጨረሻ አጠቃ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከቶብሩክ በቀር ምሥራቅ ሊቢያን ጠራርጎ ያዘ።

ዘዴው ምን ነበር? የጀርመን ታንኮች የሸሹ መስለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ የእንግሊዝ ታንኮች ሲከተሏቸው አድፍጠው የሚጠብቁ መድፎች ይቀበሏቸዋል። ከነዚህ ዋናው ለአውሮፕላን የተሠራው ባለ 88 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበር። ጁን 21 ቀን 1942 ቶብሩክ ከ30,000 በላይ ምርኮኛ ይዞ ወደቀ። ሮሜልም ፊልድ ማርሻል ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከድሉ ነው። ኤል አላሜን ሲደርስ እስክንድርያ የቀረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ትሪፖሊ ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከኋላው ቀርታለች። ነዳጅ ጫኙ መኪና ከጫነው ከፊሉን ራሱ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። እንግሊዞች ደግሞ የጠላታቸውን ምስጢራዊ መልእክት እየፈቱ መርከቦቹን ያሰጥሙ ነበር። ኦክቶበር 23 ቀን 1942 ሞንትጎመሪ ከ1,000 በላይ ታንክ ይዞ ተነሳ። ሮሜል የነበረው 500 ያህል ነው፤ ከግማሽ በላዩም የጣሊያን። በ12ኛው ቀን ሽሽት ሆነ። ሮሜል ራሱ በማርች 1943 ከአፍሪካ ወጣ፤ የቀረው ጦር በሜይ ቱኒዚያ ላይ እጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ የእኛም አገር አለችበት። ከረን ላይ ጣሊያንን የወጋው 4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር፣ ሜጋ ላይ የተዋጋው 5ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድም ከዚህ ተነስተው ወደዚያው በረሃ ዘምተዋል። ብርጌዱ በኖቬምበር 1941 ሲዲ ሬዜግ ላይ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሮሜል ማስታወሻ ከሞተ በኋላ የታተመው “ጥላቻ የሌለበት ጦርነት” በሚል ርዕስ ነው። ይሁን እንጂ በ1942 በጋ ዋልተር ራውፍ የተባለ የኤስ ኤስ መኮንን አቴንስ ላይ ቡድን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሮሜልን ተከትሎ ግብጽና ፍልስጤም ገብቶ አይሁዶችን ሊፈጅ! ኤል አላሜን አስቀረው። ያው ሰው በኋላ ቱኒዚያ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ አይሁዶችን ለግዳጅ ሥራ ዳርጓል።

የጦር ጥበቡን ማድነቅ ይቻላል። ታንኩ ለማን መንገድ እየጠረገ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው።