ጥምር ግስ በመርካቶ አማርኛ

ጥምር ግስ ሁለት ቃላት ተዳብለው አንድ ድርጊት የሚገልጹበት የአማርኛ ግስ ዓይነት ነው። ትርጉሙን የሚሸከመው የመጀመሪያው ቃል ሲሆን፣ ማን እንዳደረገውና መቼ እንደተደረገ የሚታወቀው ከሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «አለ» ወይም «አደረገ» ነው፤ ስሜትን ወይም አስገዳጅነትን ለመግለጽ «አሰኘ» ይገባል። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቁጭ አደረገ፣ ቀነስ አደረገ፣ ቅር አሰኘ የሚሉት ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። በንግግርም በዕለት ተዕለት ጽሑፍም ሞልተዋል፤ በተለይ በአዲስ ከተማው መርካቶ ዋጋ የሚጠየቀው፣ መንገድ የሚለቀቀው፣ ደንበኛ የሚጠራው በአብዛኛው በእነሱ ነው።

በእንግሊዝኛ ተቀራራቢው ነገር ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ነው። «ጊቭ» መስጠት ሆኖ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። ስያሜውን በ1925 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው። ልዩነቱ እንግሊዝኛው ግሱን አስቀድሞ በኋላው ቃል ሲያጣምመው፣ አማርኛው ግን ፍሬውን ከፊት ያስቀምጥና «አለ»ን እንደ እጀታ ከኋላ መግጠሙ ነው። የሚያመሳስላቸውም አለ። ሁለቱም ቋንቋውን ለሚማር እንግዳ ፈተና ናቸው፤ ሁለቱም ከደብዳቤና ከመመሪያ ይልቅ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ይበረክታሉ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ተነሥቶ» ሲል ታሪኩን ለጓደኛው የሚጽፍ ሰው «ብድግ ብሎ» ይላል።

አሠራር

የመጀመሪያው ቃል ምንጩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ከ«አለ» ወይም ከ«አደረገ» ተለይቶ አይገኝም። ብድግ፣ ቁጭ፣ ብቅ፣ ጎራ፣ ላፍ እንደዚህ ናቸው። «ብድግ አለ» ራሱ ተነሣ ነው፤ «ብድግ አደረገ» ሌላውን አነሣ ነው። ሸክም ይዞ የሚነሣውና የሚያሸክመው ሰው በ«አለ» እና በ«አደረገ» ይለያሉ። «ላፍ አደረገ» መንጠቅን ከነፍጥነቱ ይናገራል፤ በነጠላ ግስ ሊተካው የሚሞክር ሰው ፍጥነቱን ያጣዋል።

ሌላው ክፍል ከመደበኛ ግስ የሚወጣ ነው፤ የአማርኛ ሀብት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሥር ሁለት መልክ ይወጣል። ሰበረ ከሚለው «ሰበር አደረገ» እና «ስብር አደረገ»፤ ከፈተ ከሚለው «ከፈት አደረገ» እና «ክፍት አደረገ»። በግዕዙ ድምፅ የሚጀምረው ጥቂትነትንና ለስላሳነትን፣ በሳድሱ የሚጀምረው ድርጊቱ በአንዴና በሙሉ መፈጸሙን ያሳያል። በሩን ከፈት ያደረገ አየር እንዲገባ ነው፤ ክፍት ያደረገው ወለል አድርጎታል። ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰፊ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ለእነዚህ ግሶች ብዙ ቦታ ሰጥቷል።

ገበያው ላይ

መርካቶ የዛሬ ቦታውንና ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከሸማ ተራ እስከ ሚሊተሪ ተራ፣ ከምን አለሽ ተራ እስከ በርበሬ በረንዳ ያለው የመርካቶ ንግድ ዛሬም በአብዛኛው በድርድር የሚካሄድ ነው። ድርድር ደግሞ ያለ ልክና ያለ ይሉኝታ አይሆንም፤ ጥምር ግስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

ጨርቅ የምትገዛ ሴት መደብር በር ላይ ስትደርስ የሚደረገውን እንውሰድ።

— እህቴ፣ ጎራ በይ።
— ከዚህ ፈካ ያለ የለም?
— አለ። ጠቆር ያለውም አለ።
— ዋጋውን ቀነስ አድርግልኝ እንጂ።
— እስኪ አንቺም ጨመር አድርጊ።
— ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ።
— ቅር አይበልሽ፤ ነይ፣ ውሰጂው።

«ቀንስ» ብትል ትእዛዝ ነበር። «ቀነስ አድርግልኝ» ስትል የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ይሆናል፤ ሻጩም እሺ ቢል የተሸነፈ አይመስለውም። «ጨመር አድርጊ» የሚለው መልስ በዚያው ሚዛን የተሰፈረ ነው። «ዞር ዞር ብዬ» እቃው አልጣመኝም ማለት አይደለም፤ ሌላም ቤት ልይ ማለት ነው፣ በሩንም አይዘጋም። እዚህ ላይ ያለው ጨዋነት የተገነባው ከ«እባክህ» ይልቅ በግሱ ቅርጽ ነው፤ ይህን ሳያዩ የመርካቶን ሰው ተናጋሪነት መግለጽ አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

«ፈካ ያለ» እና «ጠቆር ያለ» የሚሉትም ልብ ሊባሉ ይገባል። አማርኛ አንዱን ነገር ከሌላው የሚያበላልጥ የቅጽል ቅርጽ የለውም። በ«ያለ» የሚያልቀው ጥምር ግን ይህን ሥራ ይሠራል። ሰፋ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ረከስ ያለ ሲባል ገዢው የቀለም ወይም የልክ ስም ሳይጠራ የሚፈልገውን ያስታውቃል። ሻጩ የሚያወጣው እቃ እፊቱ ካለው በአንድ ደረጃ ፈቀቅ ያለ መሆኑን ያውቃል።

የገበያው ሁኔታም በዚሁ ይነገራል። ሲበርድ «ቀዝቀዝ ብሏል»፣ ገዢ ሲጠፋ «ጭር ብሏል»፣ በዓል ሲቃረብ «ሞቅ ሞቅ ብሏል»። ሸክም ተሸክሞ የሚመጣ ሰው «ዞር በሉ» ሲል መንገድ ልቀቁ ነው፤ የተቆጣ ሰው «ዞር በል» ሲል ግን ከፊቴ ጥፋ ነው። ሁለቱን በዋናነት የሚለየው የድምፅ ቃና ነው። «ዝም ብለህ ውሰደው» ሲባልም ስለ ዝምታ የሚያወራ የለም፤ ሳታመነታ ማለት ነው። ከታክሲ በር የሚሰማው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ደግሞ በመደጋገሙ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት እንዲጠጋ ይጠይቃል።

ማዕረግም ይጠበቃል። ለእኩያ «ጎራ በል»፣ ለሴት «ጎራ በይ»፣ ለታላቅ ወይም ለማያውቁት ሰው «ጎራ ይበሉ»። የመጀመሪያው ቃል አይነካም፤ ክብሩ ሁሉ በ«አለ» ላይ ነው የሚወጣው።

የጎረቤት ቋንቋዎች

ይህ አሠራር የአማርኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ «ሱቕ በለ» ሲል ዝም አለ ማለቱ ነው፤ «ኮፍ በለ» ቁጭ አለ ነው። ኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ ጄዼ «አለ» ነው። የጉራጌ ቋንቋዎችም በራሳቸው «አለ» ይጠቀማሉ። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ቋንቋዎች እንደ አንድ አካባቢ የሚያስተሳስሩ ባሕርያትን ሲዘረዝር ይህን አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በሴማውያኑ ቋንቋዎች ውስጥ የኩሽ ቋንቋዎች አሻራ ነው የሚለው አስተያየትም በሊቃውንት ዘንድ የቆየ ነው። መርካቶ ለንግድ የመጣው ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ኦሮሞ ወይም ትግራዋይ አማርኛውን ሲለምድ ይህ ክፍል እንግዳ ሳይሆንበት መቅረቱ አይገርምም።

በጽሑፍ

የፊደል ገበታችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ ጥምር ግስም በዚህ ይጎዳል። «ክፍት ነው» የሚለው ቅጽልና «ክፍት አደረገው» የሚለው ጥምር በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በንግግር ግን በሁለተኛው «ት» ይጠብቃል። «አለ» ራሱም እንዲሁ ነው። ግድግዳ ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» ተብሎ ሲለጠፍ «ለ» ይጠብቃል፤ «ጠጋ አለ» ሲባል ይላላል። ግር ያለው አንባቢ አፍራሹን ይሞክር፤ የመጀመሪያው «የለም»፣ የኋለኛው «አላለም» ይሆናል።

መደብሮች በቴሌግራም በሚያወጡት ማስታወቂያ «ጎራ ይበሉ»፣ «ብቅ ይበሉ»፣ «ፈጠን ይበሉ» ይበዛሉ። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያም ከጥምር ግስ ጨርሶ አልራቀም፤ «ልብ ይበሉ» እና «ከፍ ያለ ምስጋና» ለረጅም ጊዜ በመደበኛ ጽሑፍ ቦታ አግኝተዋል። ስለዚህ ጥምር ግስን የተራ ንግግር አድርጎ ከጽሑፍ ማራቅ ተገቢ አይመስለኝም። «ቀነሰ» እና «ቀነስ አደረገ» የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ አንዱን በሌላው የሚተካ አራሚ ልኩን ይሰርዛል።

ሁለቱ ቃላት ተለያይተው መጻፋቸው የተለመደ ነው፤ በስልክ መልእክት ግን «ዝምበል» ተብለው ይጣበቃሉ። ወጣቶች ደግሞ ፊደሉ የነፈጋቸውን መጥበቅ በራሳቸው መንገድ አምጥተውታል፤ «ደስስስ ይላል» ብለው «ስ»ን ይደጋግማሉ።

መዝገበ ቃላት ላይ ጥምር ግስ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሥሩ ግስ ሥር ነው። ቶማስ ኬን በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለሁለት ቅጽ የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን መንገድ ተከትሏል። «ቀነስ አደረገ»ን የሚፈልግ «ቀነሰ»ን ይገልጣል፤ ሥር የሌላቸውን እንደ «ብድግ» ያሉትን ግን በራሳቸው የመጀመሪያ ፊደል መፈለግ ያስፈልጋል።