«ፕሮብሌማቲክ»፦ ማንን አስቸግሮ?

ከእንግሊዝኛ ስተረጉም ብዙ ጊዜ ከሚያቆሙኝ ቅጽሎች አንዱ «ፕሮብሌማቲክ» ነው። እጄ ቶሎ «አስቸጋሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ትንሽ ቆይቼ እሰርዘዋለሁ።

ሥሩ የግሪኩ «ፕሮብሌማ» ነው፤ ወደ ፊት የተጣለ ነገር ማለት ነው። ወደ ባሕር ገፍቶ የገባ መሬት በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ከፊት የሚመክቱበት መከላከያም እንዲሁ። ኋላ ተከራካሪዎች መሐል ለሚጣል ጥያቄ መጠሪያ ሆነ። የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ «ሥራው» ተብሎ የሚሰጥ ነገር ነበር፤ በኤውክሊድ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥራዎች የሚጀምሩት በተሰጠ መስመር ላይ ሦስት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን በማሠራት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተበደለ ሰው የለም። የተጣለውን የሚያነሣ ሰው ብቻ ነው የሚጠበቀው።

ቅጽሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝኛ ሲደርስም ትርጉሙ «ያልተቋጨ፣ ገና የሚያከራክር» ነበር። ፈላስፋው ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» ፍርዶችን ሲለይ፣ እውን ከሆነውና የግድ ከሚሆነው ነጥሎ፣ ሊሆን የሚችለውን ብቻ «ፕሮብሌማቲክ» አለው።

ዛሬ ግን አንድን ፊልም ወይም ንግግር «ፕሮብሌማቲክ ነው» ሲሉ ክርክሩ አብቅቷል። ነውር አለበት ማለታቸው ነው፤ ነውሩ ምን እንደሆነ ግን አይነገርም። ጥያቄ ይከፍት የነበረ ቃል በር መዝጊያ ሆነ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እውነተኛ በደል የደረሰበት ሰው እንኳ በደሉ በስሙ ሳይጠራ ይቀራልና።

የእኛው «አስቸጋሪ» ከሌላ ቤት የመጣ ነው። «ችግረኛ» የምንለው ያጣውን ሰው ነው፤ ችግር ከሆድና ከጓዳ አይርቅም። ደግሞም ቅጽሉ የወጣው ከግስ ነው። ልጁ እናቱን አስቸገረ፤ ዳገቱ በቅሎዋን አስቸገረ። አስቸጋሪ ካለ የተቸገረ አለ፤ ሰሚው «ማንን?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ማግኘት ይገባዋል። እንግሊዝኛው ከስም የወጣ ስለሆነ ይህን ጥያቄ አይጋብዝም።

ስለዚህ የካንት ዘመን ጽሑፍ ሲገጥመኝ «አጠያያቂ» እላለሁ። ነገሩ እምቢ ያለ ሞተር ወይም የተበላሸ መንገድ ከሆነ «አስቸጋሪ» ይበቃል። የዘንድሮ ሂስ ሲሆን ገጹን ወደ ኋላ እየገለጥኩ የተነካውን ሰው እፈልጋለሁ፤ ካገኘሁት «ሴቶችን ያቃልላል»፣ «ድሀውን ያዋርዳል» ብዬ እጽፋለሁ። ካላገኘሁት ደራሲው ያላለውን መጨመር አልችልም፤ «ነቀፌታ ያለበት» ብዬ፣ ልቤ ሳያርፍ፣ ወደሚቀጥለው አንቀጽ እሻገራለሁ።